ዘይት የወለደች መኪና

መጋቢት ፪ ቀን ፲፱፻፴፪፣ ጧት

ተነሣች። መዳፌ ተላጠ እንጂ ተነሣች። ተስፋይ ማኑቬላውን፣ የማስነሻውን ብረት፣ አሽከርክሮ አሽከርክሮ፣ ላቡ ጠብ ብሎ ነው የሚያስነሣት። እኔ ቶሎ። ውኃ ስትሸከም ያደገች ክንድ ናት፣ ምን ገዷት!

የላይኛዋን ቧንቧ ከፈትሁ። የእርሻ መኪናዪቱ ከሆዷ ጎን፣ ላይና ታች፣ ሁለት ትንንሽ ቧንቧ አላት። ከላይኛዋ ዘይት ጠብ ካለ ጠግባለች፤ ጠብ ካላለ ጠምቷታል። ዛሬ ጠብ አለ። ጠብ ማለት ብቻ? እንደ ክር ወረደ እንጂ። እኔ አልጨመርሁም። ተስፋይም አልጨመርሁም አለ፣ በማርያም ምሎ። ከየት አምጥቶ ይጨምራል? የነበረችን አንዲት ጣሳ ዘይት ካለቀች ሰነበተች።

እሰይ። ይጨመርልን።

ማታ። የታችኛው ማሳ ከዳር እስከ ዋርካው ተገለበጠ። ወገቤ የለም። ደስ ብሎኛል።

መጋቢት ፬፣ ማታ

አንቺ ደብተር አዲስ ነሽ፣ ነገሩን አታውቂም። ከመኪናዪቱ የመፍቻ ሳጥን ውስጥ ነው ያገኘሁሽ፣ ጣልያን አንዲት ፊደል ሳይጽፍብሽ። አሁን የኔ ነሽ። መኪናዪቱም የኔ ናት። ስለዚህ ስሚ።

ባሌ አለሙ በረሃ ነው፣ ከአርበኞች ጋር። በሬዎቻችንን የቡሬ ምሽግ ጣልያን ነድቶ፣ አርዶ በላ። ይኼን ያየ ዘለቀ፣ የአለሙ አጎት ልጅ፣ ወንዝ ማዶ የሚኖረው፣ ሽማግሌ ሰብስቦ ቆመ። ባል አጠገቧ የለ፣ በሬ የላት፣ መሬቱ ጦሙን ከሚያድር እኔ ልረሰው አለ። ለዛው! ለኔ ብሎ የተጨነቀ ነው የሚመስል። ዘለቀ አንዴ ያረሰውን መሬት ሲለቅ ግን ያየ ሰው የለም። ሽማግሎቹ እስከ መድኃኔ ዓለም፣ እስከ መጋቢት ፳፯ ጊዜ ሰጡኝ። እስከዚያ ማሳው በቤቴ እጅ ከተገመሰ ይጸናልኛል። ካልተገመሰ ዘለቀ ይገባበታል። ይኸው ነው ነገሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ ሙሽራ ሆኜ የገባሁበት መሬት!

መኪናዪቱን ጣልያን ለምሽጉ ስንዴ ሊያርስባት ከቡሬ ወደ ወጀት ሲወስዳት ጅጋ አጠገብ ጭቃ ያዛት። አርበኛ ሲከበው ጥሏት ፈረጠጠ። መንደሩ ሁሉ በመጫኛ ጎትቶ ከነማረሻዋ ጓሮዬ አስገባት፣ ጭድ አለበስናት። ላምባና ቤንዚን በጨው ጭነት ተሸፍኖ ከቡሬ ይመጣል። ማን እንደሚያመጣው ላንቺም አልነግርሽም።

ተስፋይ ከጣልያን ጦር የከዳ አስካሪ ነው፣ የሐማሴን ሰው። የሹፌር ረዳት ነበር። መንዳት አሳየኝ፤ የሞተሩን ነገር ግን ከኔ ብዙም አይሻል። አለሙ ነው የላከልኝ። እንግዳ ሲመጣ ጎተራ ኋላ ይገባል። ዘለቀ ቡሬ ይመላለሳልና ካየው ለጣልያን ነግሮ ያሳንቀዋል።

እንግዲህ እኔ ነኝ የምነዳ። ሴት እርፍ አትጨብጥም፣ ወጉ ነው፣ እኔም ጨብጬ አላውቅም። መኪናዪቱ ግን መቼ እርፍ አላት? መሪ ናት ያላት። ስለ መሪ የደነገገ አባት የለም።

ሌላም የምኮራበት አለኝ። መኪናዪቱ በቤንዚን ተነሥታ፣ ስትሞቅ ወደ ላምባ ትዞራለች። ተስፋይ ትሙቅ፣ ቆይ ይላል። እኔ ገና ስትነሣ ነው ወደ ላምባ የማዞራት። ቤንዚን ዋዛ ነው እንዴ! በኔ ቁጠባ እስከ ሰኔ ያደርሰናል።

መጋቢት ፭፣ አቦ

በዓል ነው፣ አልታረሰም። መሪጌታ ላቀው ከቅዳሴ በኋላ ጎራ አሉ። አባቴ ድጓ ሲያስተምሩ አብረው የነበሩ ሰው ናቸው፤ ፊደል የቆጠርሁት በሳቸው ፊት ነው። የዘይቱን ነገር አጫወትኋቸው። ኑ ይዩ ብዬ ወሰድኋቸው። ቧንቧዋን ብከፍት ተንዠቀዠቀ! ሰኞ ዕለት እንደ ክር የነበረው ዛሬ እንደ ጣት ወፍሮ። ማንም ምንም ሳይጨምር።

አማተቡ። ከዚያ ባሏ ለአገሩ በረሃ ለገባባት ሴት እግዚአብሔር ማድጋዋን ይሞላል አሉ። በረከት ነው አሉ። እኔ፣ ማንጠግቦሽ፣ በረከት!

ከሰዓት በኋላ ግቢው ሞላ። ማን እንደነገራቸው እንጃ። ቅል የያዘ፣ ብልቃጥ የያዘ። ለጉልበት ቁርጥማት፣ ለላም ጡት፣ ለጭርት። እኔው በጄ ቀዳሁ። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ቀስ ብዬ፣ ለያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት። ካባ የለበስሁ መሰለኝ። ልዋሽሽ አልችልም፣ እጅግ ደስ አለኝ።

ተስፋይ ጎተራ ኋላ ሆኖ ሲያስል ይሰማኛል። የሳል ሳል አይደለም።

መጋቢት ፯፣ ቅዳሜ

ከገበዝ ማርያም ድረስ ሰው መጣ። ከገበዝ ማርያም! ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ።

ከተስፋይ ጋር ተጣላን። ዘይት ሲጎድል እንጂ ሲረባ አይቼ አላውቅም አለ። ባስመራ በረከት የለማ አልሁት። አስመራን አታንሺ አለ። ከጎጃም ውጭ አገር ያለ አይመስልሽም አለ። አይመስለኝም አልሁት። ራቱን አልበላም ብሎ ተኛ። ሽሮውን ጎተራው ደፍ ላይ አስቀመጥሁለት። ስመለስ ሳሕኑ ተልሷል።

ሰኞ እንገባለን። የቀረው ላይኛው ማሳ ነው፣ ትልቁ። ቀን ሞልቶኛል።

መጋቢት ፱፣ ቀትር

ወዮ ጉዴ።

ሁለት መስመር እንደሄድሁ ጉልበቷ ከዳ። ዳገት ላይ አቃሰተች። ጭሷ ሰማያዊ ሆነ፣ ዓይን የሚያቃጥል። ከዚያ ከሆዷ ውስጥ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። መዶሻ የያዘ ሰው የገባባት ይመስል። ተስፋይ ከጎተራ ሮጦ ወጣ፣ መታየቱንም ረስቶ፣ አጥፊያት አጥፊያት እያለ። አጠፋሁ።

ቧንቧዋን ከፈትሁ። ዘይት ሞልቷል። ተርፏል! እንግዲህ ጠግባ ምን ያስጮኻታል? ተስፋይ እጁን አጣምሮ ቆመ። ማጣመሩ ነው የባሰ ያናደደኝ።

ማሳው መሃል ቆማለች። በጭድ ሸፈንናት። ዘለቀ ከማዶ ሳያያት አይቀርም። ሲስቅ ይታየኛል። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ፣ ግን አላለቅስም።

መጋቢት ፲

ዝማም ጧት መጣች። ጎረቤቴ ናት፣ እኩያዬ፣ ወሬ የማታሳድር። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተሸፋፍናለች። ምነው ብላት ገለጠችው። አንድ ቅንድቧ የለም! የፊት ጠጉሯም ተለብልቧል።

ለካ የሰጠኋትን ዘይት ከቅዱስ ስዕል ፊት ባለው ኩራዝ አድርጋ ለበረከት ለኩሳዋለች። ኑግ ሲነድ ረጋ ብሎ ነው። ይኼ ቡፍ ብሎ እስከ ጣራ። እሷ አልተቆጣችም እኮ! ኃይለኛ በረከት ነው ብላ ልትነግረኝ ነው የመጣች። ሳቅሁ። ወገቤን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁን ተውሁት።

የሞተር ዘይት ቡፍ አይልም። ቡፍ የሚል ላምባ ነው።

ባዶዋን የዘይት ጣሳ ፈልጌ ቂጧ ላይ የቀረውን በጨርቅ ጠረግሁ። ሌላ ጨርቅ ከመኪናዪቱ ሆድ በወጣው ነከርሁ። ሁለቱንም ደጅ ድንጋይ ላይ ለኮስሁ። የጣሳው አልያዝ አለ፣ ጭስ ብቻ። የሆዷ ዘሎ ነደደ። ሁሉ ነገሯ ላምባ ላምባ ስለሚል እስከ ዛሬ በአፍንጫ ማን ይለየው!

ላምባ ነው የወለደች። በረከት አይደለም። እኔ ደግሞ ለአገሩ ሁሉ ላምባ ቀባሁ። እንዲያው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

መጋቢት ፲፩

እንቅልፍ የለም፣ ሳስብ አደርሁ። ላምባ በላይ ይገባል፣ ከታች ዘይቱ ዘንድ ምን ወሰደው?

ጧት ወጥ ጥጄ ክዳኑን ባነሣ ከክዳኑ ውኃ ተንጠባጠበ። ቆምሁ። እንፋሎት ቀዝቃዛ ክዳን ሲነካ ውኃ ሆኖ ይወርዳል። ላምባም ቀዝቃዛ ብረት ሲያገኝ እንዲያው ነው የሚሆን፤ ሳይነድ እየፈሰሰ ይወርዳል፣ ከዘይቱ ይቀላቀላል። ዘይቱ ይበዛል፣ ግን ይቀጥናል። የቀጠነ ዘይት ብረት ከብረት አይለይም። ቋ ቋ የሚለው ያ ነው።

ቀዝቃዛ ብረት ላይ ላምባ የለቀቀስ ማን ነው? ትሙቅ፣ ቆይ ሲባል ያልቆየችው? ከነቁጠባዋ!

ለተስፋይ ነገርሁት፣ በግማሽ አፌ። አልሰማሁም ድገሚው አለኝ። ደገምሁለት። መሬት ላይ ተቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ። ይሳቅ፣ መብቱ ነው። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ የሆዷን ቡሎን ፈታ። የወጣው እንደ ጠላ ቀጭን፣ ጥቁር። ገንቦ ሙሉ።

ለመ/ጌታም ነገርኋቸው፣ አፍሬ። እሳቸው ግን ሳትሰበር መቆሟ በረከት አይደለም ወይ አሉኝ። መ/ጌታ አይረቱም።

አሁን ሆዷ ባዶ ነው። የሞተር ዘይት ቡሬ ምሽግ እንጂ ሌላ የትም የለም። ያ የጨው ሰውም አልችልም አለ፣ ይፈተሻል። ጎረቤት ተሰብስቦ መከረ። አንዱ ለጋ ቅቤ እንስጣት አለ። መ/ጌታ በሁዳዴ? ብለው ደነገጡ። ሰውዬው መኪና አትጾምም አለ። የክርስቲያን መኪና ናት አሉ። እኔ ስለ ጾሙ አልገባሁም። ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ደጋ ነው አገሩ፣ ጧት ማን ያንቀሳቅሳታል? ተውት አልሁ።

ሁለተኛው ኑግ አለ። ኑግ በየቤቱ ሞልቷል። ሁሉም እሺ አለ። እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

መጋቢት ፲፫

ከትናንት በስቲያ ሁለት ቢላዋ ድንጋይ ላይ ፀሐይ አስመትቼ ነበር። አንዱን ኑግ ቀባሁት፣ ሌላውን ጉሎ። አጥር ጥግ የሚበቅለውን ጉሎ ነው፤ ቆዳና መጫኛ የምናለፋበት። ሰው አይበላው፣ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረው።

ዛሬ ባየው ኑጉ እንደ ሙጫ ሆኗል። ዝንብ ተጣብቆበታል። ጉሎው ግን እንደ ትናንቱ፣ ጣቴን ሳስኬደው ሸርተት። ኑግ ብናፈስባት ኖሮ በሳምንቷ ሞተሩ ተጣብቆ ይቀር ነበር። ሁሉም እሺ ብሎ ነበር እኮ!

ሌላም ሞከርሁ። ጉሎና የድሮውን የሞተር ዘይት በብልቃጥ በጥብጬ አሳደርሁ። ጧት ተለያይተው ተኝተዋል፣ ላይና ታች፣ እንደተኳረፈ ባልና ሚስት። እንግዲህ ሆዷ ውስጥ የድሮው ጠብታ እንኳ መቅረት የለበትም። ተስፋይ የጎኗን ክዳን ከፈተ። እጁ ወፍራም ነው፣ አልገባም። የኔ ገባ። እስከ ክርኔ ድረስ ገብቼ በጨርቅ ጠረግሁ፣ ጥጉን ሁሉ፣ ቅባቱን ሁሉ። ስወጣ ጨርቁ ነጭ እስኪሆን። እናቴ ብታየኝ ምን ትል? የእንስራ ሆድ አጥሪ ብላ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

መጋቢት ፲፯፣ ማታ

እጄ ሁሉ ጉሎ ጉሎ ይላል።

ያን ዘይት የወሰዱትን ሴቶች ሁሉ አስጠራሁ። ፊታቸው ቆሜ ተናገርሁ። የሰጠኋችሁ በረከት አይደለም፣ ላምባ ነው፣ የኔ ጥፋት ነው አልሁ። ዝማም የቀረውን ቅንድቧን አንሥታ ታዲያ ይኼኛውን በምን ላስተካክል አለች። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ደግሞ እኔስ ጭርቴ ድኗል፣ ላምባም ቢሆን ጨምሪልኝ አለች። እንዲህ ያሉ ሴቶች ናቸው የኔ አገር ሴቶች!

ያላትን ጉሎ ሁሉ ይዛ ያልመጣች የለችም። ቆላን፣ ወቀጥን፣ በውኃ አፈላን፣ የተንሳፈፈውን ቀዳን። እኔ እንደገና እሳት ላይ አቆየሁት። ውኃ ካለበት ይንጣጣል፤ መንጣጣቱን እስኪተው ጠበቅሁት። ከዚያ በነጠላዬ አጠለልሁት። አዲስ ነጠላ ነበር። ይሁን።

ወፍራም ነው፣ ወርቅማ። ገንቦ ሞልቶ ተርፏል። ይኼኛው የተረፈው በክንዳችን ነው።

መጋቢት ፲፰

ጧት በውርጩ ሁለት ጋን ውኃ አፈላን። ራዲያተሯ ውስጥ የፈላውን ገለበጥሁ። ፊቷን ደበሎ አለበስኋት፣ ብርድ እንዳይገባት። ማኑቬላው ከበደ፤ ጉሎ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ግን ዞረ። ተነሣች።

አሁን መጠበቅ። ቤንዚን እየነደደ መቆም! አንጀቴ ተቃጠለ። ተስፋይ አጠገቤ ቆሞ እጄን እጄን ያያል፣ ቶሎ አዞራለሁ ብሎ። አላዞርሁም። ብረቷን በምራቄ ነካሁ፣ ችስስ እስኪል ቆየሁ። ከዚያ አዞርሁ።

ቋ። ቋ። ቋ ... እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ጠፋ።

ጠፋ! ድምጿ እንደ ጤነኛ ሰው ትንፋሽ ሆነ። ጭሷ ጉሎ ጉሎ ሸተተ። ተስፋይ በትግርኛ ምን እንዳለ እንጃ፣ ግን እያነባ ነበር፣ ዛሬ ከሳቅ አይደለም። እኔም ያን ቀን ያስቀረሁትን ዕንባ አወጣሁት። እልል ያለችው ዝማም ናት። መ/ጌታ እንኳ በጾም እልልታ ይበቃል አላሉም።

እስከ ማታ አረስሁ። ቧንቧዋን ከፈትሁ። ጠብ። ጠብ። አልበዛም፣ አላነሰም።

መጋቢት ፳

አውሮፕላን አለፈ፣ ዝቅ ብሎ። መኪናዪቱን ከዋርካው ሥር አስገብተን ቅጠል ጣልንባት። እኔና ዝማም ነጠላችንን አንጥፈን እህል የምናሰጣ መሰልን። ዞረ፣ ተመለከተ፣ ወደ ደንበጫ ሄደ። መፍራቴን ዝማም አየችብኝ፣ ለማንም አልናገርም አለች። እስካሁን ግማሹ መንደር ሰምቷል።

ላይኛው ማሳ እኩሌታው ተገለበጠ።

መጋቢት ፳፬፣ ማታ

ዘለቀ ስነዳት አይቷል። አሁን ሌላ ነገር አመጣ። ለሽማግሎቹ በቤቷ እጅ ይታረስ ተባለ፤ ሴት አርሳ አታውቅም፣ እርፍ የያዘ ወንድ አሳዩኝ፣ ወንድ ከሌለ እርሻ አይባልም፣ መሬት መጫር ነው ብሏል። መ/ጌታ ናቸው የነገሩኝ። ፊታቸው ጠቁሮ። ከሽማግሎቹ ሁለቱ ልባቸው ወደሱ ያዘነበለ ነው አሉ።

ተስፋይ ሰማ። እኔ አረስሁት ልበላቸው አለ። ወንድ ነኝ፣ የቤትሽ ሰው ነኝ፣ ነገሩ ያልቃል አለ። ዘለቀ ቡሬ ሄዶ ይናገራል፣ ያንቁሃል አልሁት። ከዚያ በፊት በረሃ እገባለሁ አለ። ሳይቀልድ ነው።

አልዋሽሽም፣ ልቤ ወለም አለ። ማሳው ለአለሙ ይተርፋል። ተስፋይ በሌሊት ይወጣል፣ ምናልባት ይደርሳል። እኔም ዝም ብዬ፣ ዓይኔን ሰብሬ እቆማለሁ። ሁሉም ደስ ይለዋል።

ከዚያ ክንዴን አየሁት። እስከ ክርን ድረስ ጥቁሩ አልለቀቀም። ጠርጌ ያጸዳሁ እኔ፣ ጉሎውን ያነጠርሁ እኔ፣ ቋቋታውን ያዳመጥሁ እኔ! ለዘለቀ ብዬ ይኼን ክንድ ከነጠላ ሥር ልደብቅ? አልደብቅም። የሰውየውንም አንገት ለመሬት አልለውጥም።

ለተስፋይ አይሆንም አልሁት። ጎተራ ኋላ ግባ፣ ትንፍሽ እንዳትል። ማሳው ነገ ያልቅልኛል፤ ግን አልጨርሰውም። ዳር ላይ አንዲት ቁራጭ አስተርፋለሁ። ሽማግሎቹ ሐሙስ ሲመጡ ፊታቸው እገምሳታለሁ።

መጋቢት ፳፮፣ ማታ

መጡ። ዘለቀ ነጭ ለብሶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጋድም አድርጎ። መ/ጌታ ከኋላ። መንደሩ ሁሉ ድንበሩ ላይ ቆመ።

ብቻዬን ነበርሁ። የፈላ ውኃውን አፈሰስሁ፣ ደበሎውን አለበስሁ። ማኑቬላውን ጨበጥሁ። የመጀመሪያው ዙር መልሶ መታኝ፣ አንጓዬ የተሰበረ መሰለኝ። ዘለቀ ፈገግ ሲል አየሁ። ቀሚሴን ሰብስቤ በመቀነቴ ሸጎጥሁ። ደገምሁ። ዝም። ሆድዬ፣ አታዋርጂኝ አልኋት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ደገምሁ።

ተነሣች። ሽማግሎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ዘለቀ ሁለት።

እስክትሞቅ አስጠበቅኋቸው። ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁ፤ እኔም አልቸኮልሁም። ከዚያ ወጣሁ፣ መሪዋን ያዝሁ፣ ያችን ቁራጭ ከዳር እስከ ዳር ገመስሁ። ዞሬ መጣሁ። አጠፋኋት።

ዋናው ሽማግሌ ጎንበስ አሉና ዱላቸውን ትልሙ ውስጥ ተከሉ። ከበሬ እርሻ ይጠልቃል። አፈሩን አንሥተው አሸተቱ። ሌላውን ማሳስ ማን አረሰው አሉኝ። እኔ ነኝ አባቴ አልሁ። ዘለቀ ጣልቃ ገባ፣ ሴት እርፍ... ሲል እጃቸውን አነሡበት። እርፍ የታለ? አሉት። አሳየኝ አሉት። ዘለቀ መኪናዪቱን ዞራት። ከፊት አየ፣ ከኋላ አየ። እርፍ አላገኘም። ድንበሩ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። ሁለቱ ሽማግሎችም ሳቁ፣ እነዚያው ያዘነበሉት።

ማሳው ተገምሷል አሉ። በቤቷ እጅ ተገምሷል፣ ይጸናላታል፣ ነገሩ አለቀ አሉ። ከዚያ እጅሽን ስጪኝ አሉኝ። ሰጠኋቸው። ጥቁሩን ክንዴን አገላብጠው አዩና ተባረኪ አሉኝ። እኔ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ተስፋይ በጎተራው ቀዳዳ ሁሉን አይቷል። ሦስት እንጀራ በላ።

መጋቢት ፳፯፣ መድኃኔ ዓለም

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሰው ከበበኝ። በሬ የቀረለት ቤት ጥቂት ነው። የኛንስ፣ የኛንስ ይላል። እሺ አልሁ፤ ጉሎውን አምጡ፣ ውኃውን አፍሉ፣ እኔ እነዳለሁ። የዝማም ይቀድማል፣ ቅንድቧን ከፍላበታለች።

ከሰዓት በኋላ መ/ጌታ ብቻቸውን መጡ። ወዲያ ወዲህ አሉ። ዘለቀ ልኳቸው ነው። የሱንም በሬዎች በዚህ ሳምንት የምሽጉ ጣልያን ነድቶበታል፤ ቡሬ መመላለሱም አላዳነው። እስኪ ለምኑልኝ ብሏል። አፌ ላይ ብዙ መጣ። ዋጥሁት። አርስለታለሁ አልሁ። ከሁሉም በኋላ፣ ግን አርስለታለሁ። ያረስሁትንም አልይዝበትም፣ ይኼን ንገሩት አልኋቸው። መ/ጌታ ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ዛሬ ወደ በረሃ የሚወጣ ሰው አለ። ለአለሙ ምን ልበልልሽ አለኝ። መሬትህን ጠብቄልሃለሁ በልልኝ ልለው ነበር። አፌን ከፍቼ መለስሁት። መጠበቅ ውሻም ይጠብቃል። እና ሰውየውን አስቁሜ ደግሜ ደጋግሜ አስጠናሁት፣ ቃል እንዳይለውጥ።

ማንጠግቦሽ መሬቱን አርሳዋለች በለው አልሁት። በደኅና ሲመለስም በሬ ገዝቶ እንዳይመጣ፤ መሪውን አልለቅም።